የሕፃን እንቅልፍ መጽሐፍ ለመተማ ሙቀት

«የትኛውን የሕፃን እንቅልፍ መጽሐፍ ላንብብ?» ለምትሉኝ የመተማና የገንዳ ውሃ አዲስ ወላጆች፦ መጀመሪያ መጽሐፉ ለየትኛው አየር እንደተጻፈ እዩ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2002 የወጣው የሃርቪ ካርፕ መጽሐፍ ጨቅላን መጠቅለል፣ ጆሮው ሥር «እሽሽ» ማለትና ማወዛወዝን ያስተምራል። እሽሽታውና ማወዛወዙ የእኛው እሹሩሩ ነው፤ ውሰዱት። መጠቅለሉን ግን በሚያዝያ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ተዉት። አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። ማጅራቱን ዳስሱ፤ ካላበው ልብስ በዝቶበታል።

የሪቻርድ ፈርበር (እንደ ፈረንጆቹ 1985) ዘዴ፣ ማለትም ሕፃኑ ሲያለቅስ ለተወሰነ ደቂቃ መታገስ፣ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ጨቅላ ሌሊት የሚነቃው በአብዛኛው ጡት ፈልጎ ነው። ሞቀው ብላችሁም ውሃ አትስጡት፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ።

«በሆዱ አስተኙት» የሚል መጽሐፍ ካገኛችሁ ዝጉት፤ ሁልጊዜ በጀርባው።

ስለ አጎበር ከውጭ መጽሐፍ ብዙ አትጠብቁ። ወባ ባለበት ቆላ ግን እኔ ከሁሉም የማስቀድመው እሱን ነው። የሕፃኑ ፊት ላይ እንዳይወድቅ ወጥራችሁ እሰሩት፣ ጠርዙን ፍራሽ ሥር አስገቡ።

ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ወይም ጡት እምቢ ካለ ንባቡ ይቆይ፤ በዚያው ሌሊት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።