በአንዲት ጠብታ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት

በቡራዩ አጠገብ ካለው፣ ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውኃ ከሚሰጠው ከገፈርሳ ግድብ አንዲት ጠብታ ቀድተን በዓይናችን ብቻ ብንመለከታት ባዶ ትመስለናለች። በማይክሮስኮፕ ስናያት ግን ብዙ ነዋሪ አለባት። አካላቸው አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነው እነዚህ ተንሳፋፊ ፍጥረታት ፕላንክተን ከሚባለው ወገን ናቸው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሐይቅ ውኃ መርምሮ እንዲህ ያሉትን ሕያዋን ያየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1674 ዓ.ም. ነበር።

መልካቸውና ጠባያቸው እጅግ ይለያያል። ዲያቶም የሚባሉት እንደ መስተዋት ያለ ቅርፊት ይለብሳሉ፤ ሌሎቹ እንደ ጅራፍ ያለ ጅራት እያወዛወዙ ይዋኛሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ አንዳንዶቹም ጎረቤታቸውን ይውጣሉ። ታራ የተባለችው መርከብ ከ2009 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) በውቅያኖስ እየዞረች ከሰበሰበችው ናሙና ተነሥተው ሊቃውንት ብርሃን በሚደርስበት የባሕር ክፍል ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ዓይነት እንዳለ ገምተዋል። በዓለም ከሚገኘው የኦክስጅን ምርት ግማሽ ያህሉን የሚያስገኙትም እነዚሁ የባሕር ጥቃቅን ናቸው።

ከባሕር ለራቅነው ለእኛ ይህ ምናችን ነው እንዳንል፣ የወንዞቻችንን መንገድ እንከተል። የሱሉልታ ሜዳ ውኃ በሙገር በኩል ከዓባይ ተቀላቅሎ ወደ ሜድትራንያን ባሕር ያቀናል። የቡራዩና የሰበታ ውኃ ግን ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም በቆቃ ሐይቅ አልፎ፣ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ወደ እርሱ የጣልነው ሁሉ ከአገራችን አይወጣም ማለት ነው።

በቆቃ ሊቃውንት ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን ዓይነት በብዛት አግኝተዋል። ከቤትና ከፋብሪካ የሚፈስ ቆሻሻ፣ ከእርሻም የሚታጠብ ማዳበሪያ በውኃው ሲበዛ፣ ይህ አንዱ ዓይነት ያለ ልክ ይራባል፤ ሌሎቹንም ያስጨንቃል። ውኃው አረንጓዴ ቀለም የተበጠበጠበት ይመስላል፤ ጉበትን የሚጎዳ መርዝም ይገኝበታል። የቤት እመቤቶች በተለይ ያስተውሉ፤ ውኃን ማፍላት በሽታ አምጪ ተዋሲያንን ቢገድልም፣ ይህን መርዝ አያጠፋውም። እንዲህ ያለ ውኃ ለልጆችም ለከብትም አይሰጥ።

በሰበታ የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ምርምሩ የሊቃውንት ሥራ ቢሆንም ጥበቃው የየቤቱ ነው፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የአጠባ ውኃ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ ማድረግ ከእያንዳንዳችን ይጠበቃል። በዕለተ ሐሙስ ከውኃ ሕያዋንን ያስገኘ አምላክ ወገናቸውን አብዝቶ ፈጥሯልና፣ እኛ በቸልተኝነታችን ወደ አንድ እንዳንመልሰው እንጠንቀቅ።