የአውቶሞቢል ራዲዮና የወንዛዬው ጠባቂ

በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው የወንዛዬ ፍል ውሃ ልብስን ብቻ ሳይሆን ጭንቀትንም የሚያስወልቅ ቦታ ነው። ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡን የታመመ፣ ቆዳውን የሚያሳክከው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይመጣና ቀናት እየሰነበተ ይታጠባል። እኛ ግን ያለ አንዳች ሕመም፣ ለሽርሽር ብቻ፣ ባለፈው የካቲት አንድ እሑድ ከሁለት ባልንጀሮቻችን ጋር በአንዲት ያረጀች ኮሮላ ሄደን ነበር። እንግዲህ ገላውን የሚታጠብ ሰው የአውቶሞቢሉን ቁልፍ የት ያኖረዋል? ሱሪው ኪስ ውስጥ ነዋ! ሱሪውስ? ድንጋይ ላይ። አውቶሞቢሉስ? ከዓይኑ ርቆ፣ በዛፍ ጥላ ሥር።

ከመኪናዋ ስንወርድ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቀረበና «ጋሼ፣ ልጠብቅ?» አለን። «ጠብቅ» አልነው። ዋጋ አልተነጋገርንም፤ ስሙንም አልጠየቅነውም።

ሁለት ሰዓት ያህል በውሃው ተዘፍዝፈን ስንመለስ ባለመኪናው ባልንጀራችን ሞተሩን አስነሣና እጁን ወደ ራዲዮው ሰደደ። ራዲዮው ፊት የለውም! ቁልፎቹና ቁጥር የሚታይበት መስኮት የነበሩበት ቦታ ባዶ ሆኖ ጥቂት የመዳብ ጥርሶች ብቻ ይታያሉ። በሩ አልተፈለቀቀም፤ መስተዋቱ አልተሰበረም፤ ቁልፉም ከኪሳችን አልጠፋም። ይህን ሁሉ አይተናል፤ ያሰብነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁን ጠርተን «ማን ነው የከፈተው?» አልነው። «ማንም አልከፈተም፣ ጋሼ» አለ። ደጋግመን ጠየቅነው፤ ደጋግሞ ያንኑ መለሰ። አንዳችን እጁን ይዞ ኪሱን ዳበሰ። ለመታጠብ የመጡ አንዲት መነኩሲት ቆመው ይመለከቱን ነበርና «ልጆቼ፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ጓዝ ፈትሹ እንጂ» አሉን። እኛ ግን አስፋልት ሳይመሽብን ለመድረስ ቸኩለን ነበርና ልጁን ሳንከፍለው ሄድን። ዞር ብለን ስናይ እያለቀሰ አልነበረም፤ በትሩን ተደግፎ ብቻ ያየን ነበር።

የነገሩን ፍጻሜ ከመናገራችን በፊት ስለ ራዲዮው ራሱ ጥቂት ማለት ሳይሻል አይቀርም። በአውቶሞቢል ውስጥ ራዲዮ መሥራትን ለብዙ ሰው ያዳረሱት በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ የነበሩት የጋልቪን ወንድማማቾች ናቸው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1930 ነው። ዕቃቸውን ሞቶሮላ አሉት፤ ስሙም በኋላ የኩባንያው ስም ሆነ። በ1963 ደግሞ የሆላንዱ ፊሊፕስ ትንሿን የካሴት ክር አወጣ። ከእርሷ የተነሣ በአገራችን እስከ ዛሬ ድረስ፣ ካሴት የማይገባበትንና በብሉቱዝ ብቻ የሚዘፍነውን ሁሉ ሾፌሮቻችን «ቴፕ» ነው የሚሉት።

ሌባውን ያበረታታው ምንድን ነው ቢባል፣ የመሐንዲሶች ቅንነት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ጀርመኖች የራዲዮው ቀዳዳ በሁሉም መኪና አንድ እንዲሆን ብለው 18 ሴንቲሜትር በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ልክ አወጡ፤ ዓለምም ተቀበለው። ስለዚህ ከአንዱ የወጣው ከሌላው ይገባል። የሚይዙትም በጎኑ ያሉ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ስለሆኑ፣ ሁለት ስስ ብረት ያለው ሰው ከጥቂት ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ መዝዞ ሽቦውን ይቆርጠዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የኒውዮርክ ሰዎች መስተዋታቸው እንዳይሰበርባቸው «ራዲዮ የለም» የሚል ጽሕፈት በመኪናቸው መስኮት ይለጥፉ ነበር።

ፋብሪካዎቹም ዝም አላሉም። አንደኛው መድኃኒት ፊቱ የሚነቀል ራዲዮ ነው፤ ባለቤቱ ፊቱን ይዞ ሲሄድ የቀረው ሣጥን ዋጋ አይኖረውም። ሁለተኛው የምስጢር ቁጥር ነው፤ የባትሪው ኃይል የተቋረጠ እንደሆነ ራዲዮው ቁጥሩን ካልነገሩት አይናገርም። ይህ ግን ባለቤቱንም ይቀጣል። ከጃፓን አሮጌ ሆነው በገቡ አንዳንድ ቶዮታዎች ውስጥ ባትሪ የተለወጠ ዕለት ራዲዮው በጃፓንኛ ቁጥር እየጠየቀ ዲዳ ሆኖ ሲቀር ያላየ ማን አለ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስጢሩ የሚጠቅመው ሌባው አስቀድሞ ያወቀ እንደሆነ ነው፤ ያላወቀ ሌባ መስተዋቱን ሰብሮ፣ ወስዶ፣ ቆይቶ ነው የሚጸጸት።

በአዲስ አበባ የዛሬው ችግር ከራዲዮው ይልቅ ስፖኪዮው ነው። ብዙ ሰው የሰሌዳ ቁጥሩን በስፖኪዮው መስተዋት ላይ ያስቀርጻል፤ ርካሽና ደኅና ዘዴ ነው። ለራዲዮም ቢሆን በጀርባው የተጻፈውን የፋብሪካ ቁጥር በደብተር መመዝገብና በሣጥኑ ላይ የሰሌዳ ቁጥርን በመርፌ መጫር ዋጋ የማያስወጣ ሥራ ነው፤ ለፖሊስ «ጥቁር ቴፕ ጠፋብኝ» ከማለት ይህ ይሻላል። ነገር ግን የሚሰርቅ የሚኖረው የሚገዛ ስላለ ነው። ባለመኪናው ሰኞ የጠፋበትን ዕቃ ማክሰኞ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ በግማሽ ዋጋ ሲፈልግ፣ ያ ርካሽ ዕቃ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሕጉ ግን ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ሌባውን በቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሲቀጣ፣ በአንቀጽ 682 ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ተጠያቂ ያደርጋል። ደመወዛችን ትንሽ ነው የምንል እኛ ወጣት ሠራተኞች ይህችን ቃል ብናስታውሳት መልካም ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄደው እየበዛ መጥቷል፤ በእነዚህም ራዲዮው ከሌላው የመኪናው አሠራር ጋር የተያያዘ ትልቅ ሰሌዳ ሆኗልና ለብቻው ተመዝዞ ለሌላ መኪና የሚገባ አይደለም። ያረጀው ኮሮላ ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በዚያ ምሽት ወረታን አልፈን ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ ራዲዮ ስለሌለ ወሬ ብቻ ነበረን፤ ወሬውም ሌብነት ሆነ። ለከተማው ቅርብ በሆነው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል ትዝ አለን። ሰባ ኩንታል ገደማ ነው። እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የዘረፉትን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ሲጭኑ መድፉ ግን እዚያው ተራራው ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አለ። «ራዲዮንም ከዚህ ብረት ነበር መሥራት» ብለን ሳቅን።

ከሆቴል ገብተን የመታጠቢያውን ከረጢት ስንዘረግፍ ከእርጥቡ ፎጣ መካከል አንድ ካልሲ ወደቀ፤ ድምፁም የካልሲ አልነበረም። በውስጡ የራዲዮው ፊት ነበር። ባለመኪናው ጠንቃቃ ሰው ነውና ከመኪናው ስንወርድ ነቅሎ፣ እንዳይጫር በካልሲ ጠቅልሎ፣ ደብቆት ረስቶታል። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ወንዛዬ ወረድን። ልጁ በዚያው ዛፍ ሥር በዚያው በትር ቆሟል። ያለፈውን ዋጋ በእጥፍ ሰጥተን፣ ዕቃው ከእኛው ዘንድ እንደተገኘ ነግረን ይቅርታ ጠየቅነው። ብሩን ቆጥሮ በኪሱ ከተተ። «ዛሬም ትጠብቅልናለህ?» አልነው።

«መጀመሪያ ያለውን ዕቃ አሳዩኝ» አለ።

በሩን ከፈትንለት። ራዲዮውን ከነፊቱ፣ ክሪኩን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ሁለቱን ስፖኪዮዎች አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ከዚያም «እሺ፣ ሂዱ ታጠቡ» ብሎ በትሩን ትከሻው ላይ አጋደመ።