የግቢ ፍሳሽ መስመር ሲቀየር፦ በደጎሎ የቤት ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ወጪ

በደጎሎ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከሻወርና ከማድ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ከአጥር አያልፍም። ከግድግዳው ሥር በ110 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ይወርዳል፣ በአንድ ወይም በሁለት ማንሆል ያልፋል፣ መጨረሻውም እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ነው። የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ደጎሎ ከየቤቱ የሚሰበስብ የጋራ የፍሳሽ መስመር የላትም። በአገሪቱ ሰፊ ሊባል የሚችል መስመር ያላት አዲስ አበባ ናት። እዚያም የመጀመሪያው የቃሊቲ ማጣሪያ ታስቦ የተሠራው በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበል ነበር፤ ማስፋፊያው አቅሙን ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ቢያሳድገውም ብዙ ቤት ዛሬም በጉድጓድ ይጠቀማል። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው ሁለተኛው የከተሞች የውሃና የሳኒቴሽን ፕሮጀክት ከአዲስ አበባ ሌላ 22 ከተሞችን ቢያቅፍም ትናንሾቹ የወረዳ ከተሞች ገና ተራቸው አልደረሰም። በደጎሎ እንግዲህ የመስመሩ ባለቤትም፣ ጠጋኝም፣ ከፋይም የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው።

ወጪውን ከምንም በላይ የሚወስነው አፈሩ ነው። ለስንዴና ለጤፍ የተመቸው የጃማ ጥቁር ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከላይ የሚታየው ስንጥቅ ከታችም ይቀጥላል። ቤቱ በመሠረቱ ላይ ጸንቶ ሲቆም፣ አፈሩ ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ግን በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቱቦው ከግድግዳው በወጣበት በመጀመሪያው ሜትር ላይ ነው። እዚያ ሲቆፈር ኤልቦው ከሙጫው ተላቆ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይታያል፣ ዙሪያው ያለው አፈር ረጥቦ ይሸታል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ቱቦው መሀል ላይ ሆድ አውጥቶ ውሃ ይቋጥራል፤ በዚያ ሆድ ውስጥ ቅባትና ወረቀት እየተጠራቀመ መስመሩን ይደፍነዋል። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ካለ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ በላላው ማያያዣ ይገባል። በድሮ ቤቶች የሚገኘው በሲሚንቶ የተያያዘ የኮንክሪት ቱቦ ለሥር ከሁሉም ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ሙሉ መስመር ይቀየር ከማለት በፊት የተበላሸው የቱ እንደሆነ መለየት ትልቁን ገንዘብ ያድናል። አንድ መታጠቢያ ብቻ አልወርድ ካለ ችግሩ በራሱ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ቁፋሮ አያስፈልገውም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተመለሱ ማንሆሉ ይከፈታል። ማንሆሉ ሞልቶ ከተገኘ መደፈኑ ከእሱ ወዲያ ወደ ታንኩ በኩል ነው፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከእሱ ወዲህ ወደ ቤቱ በኩል ነው። ታንኩ ተከፍቶ ውሃው ከመግቢያው ቱቦ በላይ ከቆመ ቱቦው ጥፋት የለበትም፦ ወይ ታንኩ በዝቃጭ ሞልቷል፣ ወይ የማስረጊያ ጉድጓዱ ውሃ መቀበል አቁሟል። ታንኩ ተመጦ በበጋ በጥቂት ቀን መልሶ ከመግቢያው ቱቦ በላይ ከሞላ ጥፋቱ የማስረጊያው ነው። ችግሩ በክረምት ብቻ የሚመጣ ከሆነ የዝናብ ውሃ በተሰነጠቀ ቱቦ፣ በማንሆል ክዳን ወይም በጣሪያ አሸንዳ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። ለዚህ ፍተሻ የሚወጣው አንድ ቀንና ጥቂት ባልዲ ውሃ ነው። ሳይደረግ የቀረ እንደሆነ ግን ጤነኛ ቱቦ ተቆፍሮ ይወጣና ችግሩ ካለበት ንቅንቅ ሳይል ይቀራል።

የመስመሩን ጥገና ባለቤቱ የሚሸከመው በደጎሎ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካም ከቤት እስከ መንገዱ ዋና መስመር ያለው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። እዚያ ካሜራ በቱቦው ውስጥ ይሰደዳል፤ አሮጌው ቱቦ ሳይቆፈር በውስጡ አዲስ ሽፋን የሚለጠፍበት ዘዴም አለ። ዘዴው የሚያዋጣው አስፋልትና ሕንፃ ከላይ ላለበት፣ የጉልበት ዋጋም ውድ ለሆነበት ቦታ ነው። በደጎሎ ግቢ፣ አብዛኛው መሬት ክፍት በሆነበትና በዶማና በአካፋ በሚቆፈርበት፣ ከፍቶ መቀየሩ ይበልጣል።

የሥራውን መጠን ቀድሞ ማስላት አያስቸግርም። ከቤቱ እስከ ታንኩ 20 ሜትር ከሆነ፣ የቦዩ ወርድ 40 ሳንቲሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን የሚወጣው አፈር 4.8 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 6 ሜትር ቱቦ 4 ይበቃል። ቁልቁለቱ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል መሆን ስላለበት በ20 ሜትር ውስጥ ቱቦው 40 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ይህም በዓይን ግምት ሳይሆን በውሃ ልክ መለካት አለበት። ቱቦው ርካሽ ነው ብሎ ስስ ግድግዳ ያለውን መግዛት አያዋጣም፤ ለአየር ማስወጫ የሚሆነው ቀጭኑ ዓይነት ከመሬት በታች በአፈሩ ግፊት ይጣመማል። ማጠፊያ ባለበት አንድ ባለ 90 ዲግሪ ኤልቦ ከማስገባት ሁለት ባለ 45 ማያያዝ፣ በየመታጠፊያውም ማንሆል ማድረግ የወደፊቱን ወጪ ይቀንሳል። ቱቦው መሠረቱን በሚያልፍበት ቦታ ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቶለት፣ ማያያዣውም በሙጫ ሳይሆን በጎማ ቀለበት ቢሆን አፈሩ ሲነሣና ሲወርድ ሳይሰበር ይተጣጠፋል።

ብዙ ሰው የሚቆጥበው መቆጠብ በሌለበት ቦታ ነው፤ የወጣውን ዋልካ መልሶ ቱቦው ላይ ይሞላል። ከቱቦው ሥርና ዙሪያ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር አሸዋ ወይም የተበጠረ ገረጋንቲ ካልገባ ተቀይሮ ያለቀው መስመር ከጥቂት ክረምት በኋላ ያንኑ ሆድ ያወጣል። አሸዋውና ማመላለሻው በሒሳቡ ላይ ይከብዳል፤ ሆኖም ሁለተኛ ጊዜ ከመቆፈር የከበደ አይደለም።

ታንኩም መቀየር ካለበት ወጪው ከቱቦው ይልቃል፦ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ የአርማታ ክዳን፣ ግንበኛ። ለስድስት ሰው ቤት ውስጡ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 1.5 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው ታንክ 3,000 ሊትር ይይዛል። ዝቃጭ በሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ይጠራቀማል ተብሎ ቢሰላ የቤተሰቡ 240 ሊትር ይሆናል፤ በአራት ዓመት ገደማ የታንኩን አንድ ሦስተኛ ይይዛል፣ መመጠጥ ያለበትም ያን ጊዜ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ብርዱ መበስበሱን ስለሚያዘገየው በሦስተኛው ዓመት በእንጨት መለካት ደግ ነው። የፕላስቲክ ታንከር መቅበር ቢፈለግ አንድ አደጋ አለ፦ በክረምት አፈሩ ውሃ ሲቋጥር ባዶ የተደረገ 3,000 ሊትር ታንከር በ3 ቶን ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፣ ተነሥቶም ቱቦውን ይገነጥላል። በአርማታ ካልታሰረ በዝናብ ወራት ማስመጠጥ አይገባም።

ከታንኩ የሚወጣው ውሃ የሚሰርግበት ጉድጓድ በዋልካ ላይ ከሁሉም የሚያስቸግረው ክፍል ነው። ያበጠ ጥቁር አፈር ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። በመጋቢት የተፈተነ ጉድጓድ ውሃውን በስንጥቁ በኩል ሲውጥ ያታልላል፤ ትክክለኛው ፈተና በመስከረም፣ አፈሩ ጠግቦ ሳለ የሚደረገው ነው። ዋልካው አልፎ ገረጋንቲ ወይም የተሰባበረ ድንጋይ የሚገኝበት ጥልቀት ቅርብ ከሆነ እስከዚያ መውረድ፣ ካልሆነ ጥልቀቱ ያነሰ ረጅም በጠጠር የተሞላ ቦይ መሥራት ይሻላል። የልብስና የሻወር ውሃን ከመጸዳጃው ለይቶ ወደ አትክልት ማውረድ የማስረጊያውን ሸክም በእጅጉ ያቀላል።

ጉድጓዱ ሲሞላ ዘግቶ ሌላ መቆፈር የተለመደ ነው፤ በሰፊ ግቢ ያስኬዳል። በጠበበ የከተማ ቦታ ግን ሦስተኛው ጉድጓድ ቦታ ያጣል፣ የተዘጋውም ላይ ቤት መሥራት መሠረቱን ያሰምጠዋል። ስለዚህ አዲስ የሚሠራ ሁሉ ተመጥጦ እንዲያገለግል ሆኖ መሠራት አለበት። በባሕር ጠረፍ መምጠጫ ፓምፕ ንጹሕ ውሃን በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ድረስ ያነሣል፤ በደጎሎ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ወደ 7.5 ሜትር ይወርዳል፣ ወፍራም ዝቃጭ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ከ5 ሜትር በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ከሥሩ ይጸዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በድንጋይ ያልተገነባ ከሆነ ሲመጠጥ ይናዳል፤ ጨርቅና ላስቲክ ከተጣለበት ቱቦውን ያንቃል። መምጠጫ መኪና ከሩቅ ከተማ ሲጠራ የዋጋው ትልቁ ድርሻ የመንገዱ ስለሆነ ጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን ማስመጣት የእያንዳንዱን ድርሻ ያቃልላል።

ዋጋን በብር ጽፎ ማስቀመጥ ከወር በኋላ ያሳስታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ ዋጋ በፍጥነት ተለዋውጧል። ጽኑ የሚሆነው ዝርዝሩ ነው፦ ስንት ሜትር ቱቦ፣ ስንት ሜትር ኩብ ቁፋሮ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ። ባለቤቱ ይህን ይዞ ዕቃውን ራሱ ቢገዛና የእጅ ዋጋውን ለብቻው ቢዋዋል ልዩነቱን ያየዋል። ቁፋሮ በቁርጥ ሲሰጥ ዐለት ቢገኝ ምን እንደሚጨመር አስቀድሞ ይጻፍ፤ ጠቡ የሚነሣው ዲጂኖው ድንጋይ ሲነካ ነው። ጊዜውም ዋጋ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰው አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ የቀን ሠራተኛ ይወደዳል፤ የበልጉ ዝናብ ከገባ ቦዩ ውሃ ይቋጥራል። ጥር ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተመቸ ወር ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማዘጋጃ ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ያልተጣራ ፍሳሽን ወደ ውሃ አካል መልቀቅን ይከለክላል፤ ትርፉን ወደ መንገድ ዲች ማውጣትም መዘዙን ወደ ታችኛው ጎረቤት ማውረድ ነው። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከእሱም ዝቅ ባለ ቦታ መሆን አለበት። ወደ ታንክ ወይም ወደ አሮጌ ጉድጓድ ሰው መግባት የለበትም። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ራስን ያስታል፤ ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይቀራል። አንድ ጓንት ወይም ስልክ ወደቀ ተብሎ ሕይወት ጠፍቷል።

የመጨረሻው ክፍያ ከውሃ ፈተና በኋላ ይሁን። ቦዩ አፈር ሳይለብስ የታችኛው ጫፍ ይደፈናል፣ ቱቦው ከላይኛው ማንሆል ውሃ ይሞላል፣ ቁመቱ ምልክት ተደርጎበት ለአንድ ሰዓት ይተዋል፤ ውሃው ከወረደ የሚፈሰው ማያያዣ በዓይን ይታያል፣ እዚያው ይጠገናል። ከተሸፈነ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት አፈሩን ስለሚያሰጥመው በመስከረም ጨምሮ መሙላት ይቀራል። ቱቦው፣ ማንሆሉና ታንኩ ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ያላቸው ርቀት ተለክቶ በወረቀት ይሣልና ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጣል።