የሚከፈትና የሚዘጋ በር፦ ወደ ሰሜን ኮሪያ ማን ይገባል? በምን ሁኔታ?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፌብሩዋሪ 2025 ሰሜን ኮሪያ፣ ከቻይናና ከሩሲያ ጋር በምትዋሰንበት ጥግ ያለውን የራሶን ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ለምዕራባውያን ቱሪስቶች ከፈተች። አምስት ዓመት ደጅ የጠኑ አስጎብኚ ድርጅቶች ቡድን ቡድን እያደረጉ እንግዶቻቸውን አስገቡ። ወር ሳይሞላ፣ በማርች መጀመሪያ፣ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። በኤፕሪል የውጭ ሯጮች ለፒዮንግያንግ ማራቶን ተጠሩ። በጁላይ ደግሞ 20,000 ያህል እንግዳ ያስተናግዳል የተባለለት የዎንሳን ካልማ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሥራ ጀመረ። የሩሲያ ቱሪስቶች ገቡበት፤ በዚያው ወር ግን ቦታው ለጊዜው የውጭ ዜጋ እንደማይቀበል ማስታወቂያ ወጣ።

ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የዘፈቀደ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የራሱ ሕግ አለው። የፒዮንግያንግ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጣ ወሬና ሐሳብ ግን ይፈራል። የቪዛው አሰጣጥ፣ የአስጎብኚው ቁጥጥር፣ የፎቶግራፉ ክልከላ ሁሉ የተሰናዳው ገንዘቡ እንዲገባ፣ ወሬው ግን ድንበር ላይ እንዲቀር ነው። ፍላጎቱ ሲያይል በሩ ይከፈታል፤ ፍርሃቱ ሲያይል ይዘጋል።

ቪዛው በማን በኩል ይገኛል?

ሰሜን ኮሪያ ለምዕራባውያን ቱሪስቶች መከፈት የጀመረችው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተለወጠው ዋና ደንብ አንድ ነው፦ ቱሪስት ብቻውን አመልክቶ፣ ብቻውን ገብቶ፣ ብቻውን አይዞርም። ጉዞው የሚዘጋጀው መንግሥት ፈቃድ በሰጠው አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነው። ከእነዚህ የታወቀው ኮርዮ ቱርስ በ1993 ቤጂንግ ላይ ተቋቁሟል። የሚጎበኘው ቦታ፣ የሚታደርበት ሆቴል፣ የሚበላበት ምግብ ቤት፣ የመግቢያና የመውጫው ቀን አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ክፍያውም አስቀድሞ ይፈጸማል። ቪዛው የሚሰጠው ለዚህ ለተቆረጠው ፕሮግራም ነው።

አመልካቹ የፓስፖርቱን ቅጂ፣ ፎቶግራፉን፣ እንዲሁም ምን ሥራ እንደሚሠራና የት እንደተቀጠረ የሚገልጽ ቅጽ ያቀርባል። የሥራው ጥያቄ ለይምሰል የተቀመጠ አይደለም። ጋዜጠኛ በቱሪስት ቪዛ መግባት አይፈቀድለትም፤ የተለየ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የደቡብ ኮሪያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በተራ ቱሪስትነት አይገባም። ሴኡልም በበኩሏ ዜጎቿ ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ሰሜን እንዳይሻገሩ በሕግ ትከለክላለች።

ፈቃዱ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከፓስፖርቱ የተለየ የቱሪስት ካርድ ሲሆን፣ በመውጫው ላይ ተመልሶ ይወሰዳል። የተለመደው መንገድ ቤጂንግ ደርሶ በሰሜን ኮሪያ አየር መንገድ በኤር ኮርዮ መብረር፣ ወይም በዳንዶንግና በሲኑይጁ በኩል በባቡር መሻገር ነበር። የቻይና ቪዛ ለሚጠየቅ መንገደኛ፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ፣ ይህ ሌላ ጣጣ አለው። ከሰሜን ኮሪያ ሲወጣ ተመልሶ ቻይና የሚገባ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የቻይና ቪዛ አስቀድሞ ሊኖረው ይገባል።

ከገቡ በኋላ

ከባዱ ነገር ቪዛውን ማግኘት አይደለም፤ ከቪዛው በኋላ የሚመጣው ነው። ጉምሩክ ላይ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የፎቶ ካሜራና መጽሐፍ ይፈተሻል። የደቡብ ኮሪያ ፊልምና ሙዚቃ፣ ስለ አገሪቱ በውጭ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ለስብከት የሚሆን ሃይማኖታዊ ጽሑፍ ለባለቤቱ መዘዝ ያመጣል። እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ መንገደኞች ሞባይላቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስረክበው ሲወጡ ነበር የሚረከቡት።

ከዚያ በኋላ እንግዳው ከሁለት አስጎብኚዎች አይለይም። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለ፤ እንግዳውን ብቻ ሳይሆን አንዱ ሌላውንም ይጠብቃል። ከሆቴል ብቻን መውጣት፣ ከመንገደኛ ጋር ቆሞ ማውራት፣ ወታደር ወይም ግንባታ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በማንሱ ኮረብታ ላይ ባሉት የኪም ኢል ሱንግና የኪም ጆንግ ኢል ግዙፍ ሐውልቶች ፊት እንግዳው ጎንበስ ብሎ እጅ እንዲነሳ ይጠበቃል። ሐውልቶቹን ፎቶ ሲያነሳም ከራስ እስከ እግር ሙሉ ሆነው መታየት አለባቸው። የመሪዎቹ ምስል ያለበትን ጋዜጣ ማጠፍ ወይም መጣል እንደ ነውር ብቻ ሳይሆን እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

እንግዳው ሲሳሳት አብሮት የሚቀጣ ሰው መኖሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለእንግዳው ጥፋት የሚጠየቁት እነዚያው አስጎብኚዎች ናቸው። ጎብኚው አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል፤ እነሱ ግን እዚያው ይቀራሉ።

በሩ መቼ ይዘጋል?

ፍርሃቱ የወሬና የሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ከበሩ መዘጋት ጀርባ ተደጋግሞ የታየው የበሽታ ፍርሃት ነው። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ደካማ በመሆኑ ወረርሽኝ ከገባ መቋቋም እንደሚያቅተው መንግሥቱ ያውቃል። በ2003 በሳርስ ጊዜ ድንበሩ ተዘጋ። በኦክቶበር 2014፣ ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ሳለ፣ ሰሜን ኮሪያ ለቱሪስት ሁሉ በሯን ዘግታ ለወራት ቆየች። በጃንዋሪ 2020 በኮቪድ ምክንያት ከዓለም ቀድመው ድንበራቸውን ከዘጉት አገሮች አንዷ ነበረች። የራሷ ዜጎች እንኳ ከውጭ እንዲመለሱ የተፈቀደው በኦገስት 2023 ነው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የገቡት ቱሪስቶች፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ ሩሲያውያን ሆኑ። ሁለቱ መንግሥታት በዩክሬን ጦርነት ምክንያት መቀራረባቸውን ላየ ይህ አያስገርምም።

የምንዛሪው ጉዳይ ደግሞ በሌላ በኩል ይጎትታል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በኑክሌርና በሚሳይል ፕሮግራሟ ምክንያት የድንጋይ ከሰል፣ የጨርቃ ጨርቅና የባሕር ምግብ ንግዷን አግዷል፤ በውጭ የሚሠሩ ዜጎቿም እንዲመለሱ ወስኗል። ቱሪዝም ግን በዚህ ማዕቀብ አልተከለከለም። የአገሪቱ መሪ ኪም ጆንግ ኡን የበረዶ መንሸራተቻና የባሕር ዳርቻ መዝናኛ የሚያሠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ገንዘብ ያለ ንክኪ እንዲገባ የተሞከረበት ትልቁ ምሳሌ በሰሜኑ ያለው የኩምጋንግ ተራራ ነው። ከ1998 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ደቡብ ኮሪያውያን ከነዋሪው ተነጥሎ በታጠረ ክልል ውስጥ ተራራውን ጎበኙ። በጁላይ 2008 አንዲት ጎብኚ ወደ ተከለከለ ቦታ ገብታለች ተብላ በወታደር ተተኩሶባት ሞተች። ሴኡል ጉብኝቱን አቆመች፤ እስካሁንም አልተመለሰም።

የአሜሪካው ክልከላና መዘዙ

ኦቶ ዋርምቢየር የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ በጃንዋሪ 2016 ከቱሪስት ቡድን ጋር ጉብኝቱን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ፒዮንግያንግ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። ከሆቴል የመፈክር ጽሑፍ ሊሰርቅ ሞክሯል ተብሎ 15 ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። በጁን 2017 ራሱን እንደሳተ ለቤተሰቡ ተመለሰና ከቀናት በኋላ ዐረፈ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር፣ ለሰሜን ኮሪያ ጉዞ አይሠራም። ክልከላው ጊዜው ባለቀ ቁጥር ሲታደስ ቆይቷል። ስለዚህ የአሜሪካ ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ፒዮንግያንግ ብትቀበለው እንኳ፣ የራሱ መንግሥት አይፈቅድለትም።

በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ እምብዛም የማይነገር ሌላ መዘዝ አለ። የስዊድን፣ የጀርመን ወይም የሌላ አገር ፓስፖርት ይዘው አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻቸውን ያለ ቪዛ፣ በኢንተርኔት በሚሞላው ኢስታ የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ከማርች 2011 ወዲህ ሰሜን ኮሪያ የገባ ሰው ግን ይህን ዕድል ያጣል፤ ኤምባሲ ቀርቦ መደበኛ ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። ጉዞው የሳምንት ቢሆንም መዘዙ ለዓመታት ይከተላል።

ኢትዮጵያና ኮሪያ

ኢትዮጵያ ከሁለቱም ኮሪያዎች ጋር ታሪክ አላት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ጦርነት፣ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከሰሜኑ ጦር ጋር ተዋጉ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑትም እዚያው ወደቁ። በደርግ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠና ፒዮንግያንግ ወዳጅ ሆነች። አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ያረፈበት ነው። ያን ዘመን የኖሩ ሰዎች እዚሁ አገራቸው ስላዩት፣ የሰሜን ኮሪያን የሰልፍና የትርኢት ሥርዓት ለማወቅ ፒዮንግያንግ ድረስ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ከእንግዳው በፊት ዜጋው

ስለዚህ አገር ቪዛ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የእንግዳው ችግር ብቻ ነው። የከፋው ሸክም ግን ያለው በዜጋው ላይ ነው። አንድ ሰሜን ኮሪያዊ ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዋና ከተማዋ መኖር ራሱ በፈቃድ ነው። ፓስፖርት በመንግሥት ለተላከ ሰው እንጂ ለፈለገ ሁሉ አይሰጥም፤ ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገር ወንጀል ነው። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን በ2014 ባወጣው ዘገባ የመንቀሳቀስ ነፃነት መነፈጉን በከባድ የመብት ጥሰትነት መዝግቦታል። በ2019 ደቡብ ኮሪያ የደረሱ ስደተኞች ከ1,000 ይበልጡ ነበር፤ በ2021 ግን 63 ብቻ ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት ድንበሩ ላይ አጥር ተጨምሯል፤ ወታደሮችም በሚጠጋው ሁሉ ላይ እንዲተኩሱ ታዘዋል።

መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር አላለቀም። አንዱ ወገን እንግዳ ሲገባ ተራው ሰው ሌላ ፊት ያያል፣ ትንሽም ቢሆን መስኮት ይከፈታል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የሚከፈለው ገንዘብ በቀጥታ መንግሥቱ ዘንድ ይደርሳል፣ የሚታየውም የተመረጠው ብቻ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የመጀመሪያው ክርክር ግን የሚያስኬደው ጎብኚው ከነዋሪው ጋር መነጋገር ሲችል ነው፤ ደንቡ ደግሞ የተሠራው ይህንኑ ለመከልከል ነው።

ስለዚህ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ በቅድሚያ የፓስፖርቱን ሰጪ መንግሥት ደንብ ይመልከት፤ አሜሪካ የመግባት ዕድሉን ያስብ፤ የአገሩ ኤምባሲ ፒዮንግያንግ ውስጥ መኖሩንና ቢታሰር የሚደርስለት መኖሩን ያረጋግጥ። ስልኩን ባዶ አድርጎ፣ አንደበቱን ገትቶ፣ የአስጎብኚዎቹን ነፍስ አስቦ ይግባ። ዎንሳን ካልማ ለውጭ ቱሪስት ተከፈተ የሚል ዜና በሰማን ቁጥር ደግሞ አገሪቱ ተከፈተች ብለን አንቸኩል። ሰሜን ኮሪያ ተከፈተች የሚባለው ሰሜን ኮሪያዊው ፓስፖርት ይዞ በፈለገው ቀን ወጥቶ፣ በፈለገው ቀን ወደ ቤቱ መመለስ የቻለ ዕለት ነው።