ስካውትነትና ጤና አጠባበቅ፤ መሪውን አስቀድሞ ማሠልጠን ስለሚገባ

የትምህርት ዘመን ማብቂያ በተቃረበ ቍጥር ወደ መሥሪያ ቤታችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከመምህራን የሚላኩ ናቸው። ደብዳቤዎቹ በአጻጻፍ ቢለያዩም ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ይኸውም፦ በትምህርት ቤታችን የስካውት ማኅበር አቋቁመናል፤ የአባሎቻችን ቍጥር ይህን ያህል ደርሷል፤ በዕረፍቱ ጊዜ ልጆቹን ከከተማ አውጥተን በድንኳን ልናሳድራቸው ስላሰብን ስለ ጤና አጠባበቅ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይላክልን፤ የሚል ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ደስ ያሰኘናል። ወጣቶች የዕረፍት ጊዜያቸውን በየመንገዱ ዳር ከሚያሳልፉት ይልቅ እጃቸውን ለሥራ፣ ዐይናቸውን ለማስተዋል ቢያለማምዱ ለራሳቸውም ለአገራቸውም ይበጃል። ነገር ግን ልጆቹን የሚመራው ሰው ለዚሁ ሥራ የት እንደ ሠለጠነ የሚገልጽ ደብዳቤ እምብዛም አይደርሰንም። እኛም ብንሆን ቀደም ባለው ጊዜ ይህን ሳንጠይቅ እንቀር ነበር። ባለመጠየቃችን የደረሰውን ነገር ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ግዴታችን ሆኖ ስለ ታየን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በምንጩ አጠገብ የደረሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ስድሳ የሚያህሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ለአምስት ቀን በአንድ ምንጭ አጠገብ ሊያሰፍር አስቦ ቦታውን የሚመረምር ሰው እንድንልክለት ጠየቀን። በዚያን ሰሞን ሥራ በዝቶብን ስለ ነበር በሰው ፈንታ አርባ ቅጂ ጽሑፍ ላክን። ጽሑፉ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ውሃ ስለ ማፍላትና እጅ ስለ መታጠብ አንድም ሳያጐድል ይናገራል። የልጆቹ መሪ የነበረው መምህር ተቀብሎ አነበበው፤ ለልጆቹም ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ቅንና ልጆችን የሚወድ፣ ልጆቹም የሚወዱት ሰው ነበር። ዳሩ ግን ዝናም ሲዘንብ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ ቆሞ እንዲመለከት ያስተማረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከሰው ዐይን የተሰወረ ነው ተብሎ ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቆፈረ።

ወሩ ሰኔ ነበርና በሁለተኛው ሌሊት ዶፍ ዘነበ። ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ምንጩም ደፈረሰ። እንጨቱ ስለ ራሰ ውሃ ማፍላቱ ተተወና ልጆቹ እንዲሁ ቀድተው ጠጡ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ዐሥራ አንድ ልጆች በተቅማጥና በትውከት ወደቁ። ወሬው ደርሶን በቦታው ስንገኝ አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዐይኗ ጐድጕዶ፣ ምላሷ ደርቆ፣ የሆዷ ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ የማይመለስ ሆኖ አገኘናት። የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠን በማንኪያ በማንኪያ ስናጠጣት ዋልን። ወደ ማታ ሽንት ሸናች፤ እኛም ያን ጊዜ ገና ቁጭ አልን።

በእግዚአብሔር ቸርነት ልጆቹ ሁሉ ዳኑ። የልጅቷ እናት ግን ወሬውን ሰምተው በእግራቸው ሲመጡ በመምህሩ ፊት ቆመው፣ «መምህር፣ እኔ እኮ አምኜ ነው የሰጠሁዎት» አሉት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «እናቴ፣ ወረቀቱን አንብቤው ነበር» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኘም። እኛም በአጠገቡ ቆመን ነበር፤ ወረቀቱ የእኛ እንደ ነበረ እናውቃለን።

እውነቱን ለመናገር እኛም ከዚያ መምህር የተሻልን አልነበርንም። በውጭ አገር በምንማርበት ጊዜ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ መገኛ ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት በፈተና ተጠይቀን በትክክል መልሰናል፤ አንዲት ጉድጓድ ግን በገዛ እጃችን ቆፍረን አናውቅም ነበር።

ስካውትነት እንዴት እንደ ተጀመረ

ስካውትነት ከመነሻው የወረቀት ትምህርት አልነበረም። መሥራቹ እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፓወል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1899 እስከ 1900 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በማፈኪንግ ከተማ 217 ቀን ተከቦ በቆየበት ጊዜ፣ የከተማው ልጆች መልእክት በማድረስና በሆስፒታል በመርዳት ከፍ ያለ አገልግሎት ሲሰጡ ተመለከተ። ልጅ ኀላፊነት ቢሰጠው ይወጣዋል የሚለውን ሐሳብ ይዞ፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 እስከ 8 ቀን 1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት ሃያ የሚያህሉ ልጆችን በድንኳን አሰፈረ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ የባለጸጎች፣ ሌሎቹ የሠራተኞች ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም ግን ተቀላቅለው በአራት ቡድን ተከፈሉ። ቡድኖቹም የተኵላ፣ የቁራ፣ የኮርማና የአንዲት የውሃ ዳር ወፍ ስም ተሰጣቸው። ልጆቹን ለሥራ የሚጠራቸው መለከት ከአፍሪካ የመጣ የአጋዘን ቀንድ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መካከል የራሱ አለቃ ነበረው። በእንግሊዝኛው ፓትሮል የሚባለው ይህ ትንሽ ቡድን እስከ ዛሬ ድረስ የስካውትነት ዋና ምሰሶ ነው። በዓለም ያሉት ስካውቶች ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በአገራችንም ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የስካውት ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ይታዩ ነበር።

ቤደን ፓወል ግን ብዙ ሳይቆይ አንድ ጉድለት ታየው። ልጆቹ በየአገሩ በብዙ ሺሕ ሲመዘገቡ የሚመሯቸው ሰዎች አልሠለጠኑም ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1919 ከለንደን አቅራቢያ በጊልዌል ፓርክ የመጀመሪያው የመሪዎች ሥልጠና ተከፈተ። ሠልጣኞቹ 19 ሰዎች ሲሆኑ፣ ጐልማሶች ሳሉ ልክ እንደ ልጆቹ በቡድን ተከፍለው በድንኳን እያደሩ ሥራውን በእጃቸው ተማሩ። ሥልጠናውን የፈጸመ መሪ በጠፍር ላይ የታሰሩ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ጌጦች በአንገቱ ያንጠለጥላል። ይህ ምልክት ዛሬም በመላው ዓለም የሠለጠነ መሪ መለያ ነው።

እንዲህ ያለው ሥልጠና ለአገራችን የጤና ሠራተኞችም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ባንድነት በቡድን አሠልጥኖ፣ ከመመረቃቸው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቹ በየአውራጃው ላይ ያዋሉት ዕውቀት በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

ሦስት ቀን ከመምህራን ጋር

በምንጩ አጠገብ ከደረሰው በኋላ በነበረው ዓመት ልጆቹን ከመጥራታችን በፊት መሪዎቹን ጠራን። ወንዶችና ሴቶች ሆነው ዐሥራ አምስት መምህራን መጡ። ያ መምህርም ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ። በሦስት ቡድን ተከፍለው በድንኳን አደሩ፤ የቡድኑም አለቃ በየቀኑ ይለወጥ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የመመልከት ቀን ነበር። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በባልዲ ውሃ ይዞ ዳገቱ ላይ እያፈሰሰ ወዴት እንደሚወርድ ተከተለው፤ የክረምቱንም ጎርፍ መንገድ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠየቁ። የመመልከትን ጥቅም ለማስረዳት የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ አነሣንላቸው። እኒህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በማስተዋላቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊዎች እንደሚገድል ለመላው ዓለም አስረድተዋል። ወንዙን ብዙ ሰው ተሻግሮታል፤ ያስተዋሉት ግን እርሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ቁፋሮ ሆነ። ቦታው ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ነው። ለጥቂት ቀን ሰፈር 30 ሳንቲሜትር ስፋትና 75 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ፣ የወጣው አፈር በአጠገቡ ይከመራል፤ የተጠቀመ ሰው ሁሉ አፈር መልሶ ይወጣል። አንድ በዕድሜ የገፉ ርእሰ መምህር ኮታቸውን አውልቀው ዶማ ከያዙ በኋላ፣ «ሠላሳ ዓመት ንጽሕና አስተምሬአለሁ፤ ለንጽሕና ዶማ ስጨብጥ ግን ዛሬ ገና ነው» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ የእኛም መዳፍ በዚያን ቀን ውሃ ቋጥሮ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ስለ ውሃና ስለ እጅ ተማርን። በደጋ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ መንተክተክ ይጀምራል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ለእጅ መታጠቢያም አንገቱ አጠገብ የተበሳ ጄሪካን በባላ ላይ ሰቅለው፣ በገመድ ከታሰረ እንጨት ጋር አገናኙት፤ እንጨቱን በእግር ሲረግጡት ጄሪካኑ አዘንብሎ ውሃ ያወርዳል። የቆሸሸ እጅም ዕቃውን አይነካውም። አንዱ በመጸዳጃው፣ ሌላው በማብሰያው አጠገብ ይቆማል። ሳሙና በክር ይንጠለጠላል፤ ሳሙና ከጠፋ አመድ ይተካዋል።

በሦስተኛው ቀን ስለ በሽታ ተነጋገርን። የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በማይገኝበት ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቈለል ተለክቶ፣ እንዲበጠብጡ እያንዳንዱን አስለካናቸው፤ ጨው ከልክ ካለፈ ስለሚጎዳ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ዐይኑ የጐደጐደ ልጅ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ እንዳለበት አስጠነቀቅን። ስለ ዝንብና ስለ ዐይን ማዝም ተነሣ። «ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ» ይባላል፤ ፊቱ ያልታጠበ ልጅ ዝንብን፣ ዝንብም የዐይን ማዝን ስለሚያመጣ፣ ልጁን የሚወድ ሰው ፊቱን በየማለዳው ቢያሳጥበው ይሻላል።

ስለ አባሎች ቍጥር

አሁን በደብዳቤዎቹ ላይ በትልቅ ፊደል ወደሚጻፈው ወደ አባሎች ቍጥር እንመለስ። ቤደን ፓወል፣ እኔ ራሴ የእያንዳንዱን ጠባይ ዐውቄ ላሠለጥናቸው የምችለው ልጆች 16 ናቸው፤ ሌላው ሰው ከእኔ እጥፍ ይበልጥ ይሆናል ብዬ በአንድ መሪ ሥር ከ32 ባይበልጡ ይሻላል፤ የሚል ምክር ጽፏል። መሥራቹ ራሱ 16 ካለ፣ ስድሳ ልጅ ለአንድ ሰው ማሸከም ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ብዙ ልጅ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ስለዚህ ማኅበሩ መስፋት ያለበት በሠለጠኑ መሪዎች ልክ ነው።

ጥቂት ልጆች በደንብ ቢመሩ ለከተማው ሁሉ ይተርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ ስካውቶች በመንገድ ላይ ምራቁን የሚተፋ ሰው ሲያዩ የጤና ደንብ መተላለፉን የሚገልጽ ካርድ ይሰጡት ነበር። ያው በሽታ በ1911 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ የኅዳር በሽታ ተባለ፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠሉ ልማድም ከእርሱ ጋር ይታሰባል። ዛሬ ከቆሻሻው ጋር ላስቲክና ፕላስቲክ ስለሚገኝ፣ ጭሱም ለሳንባ መርዝ ስለ ሆነ፣ አንድ የስካውት ቡድን በዚያ ቀን እየለየ ቢሰበስብ ለሰፈሩ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ልጆች ይዞ የሚወጣ መሪ ሁሉ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለራሱ ያቅርብ፦

1ኛ/ ዝናም ቢዘንብ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ቦታው ላይ ቆሜ አይቻለሁን?
2ኛ/ የመጸዳጃውን ጉድጓድ አንድ ጊዜ እንኳ በእጄ ቆፍሬ አውቃለሁን?
3ኛ/ እንጨቱ ቢርስ ውሃ የማፈላበት ደረቅ ማገዶ አስቀምጫለሁን?
4ኛ/ ልጅ በሌሊት ቢታመም ጤና ጣቢያው የት እንደ ሆነና በምን እንደምወስደው አውቃለሁን?

ያ መምህር ከሥልጠናው በኋላ ሃያ አራት ልጆች ይዞ ወደዚያው ምንጭ ተመለሰ። የታመመችው ልጅ እናት በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ልጃቸውን ይዘው መጡና ሰላምታ ከሰጡ በኋላ፣ «ጉድጓዱ የት ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ሳይቀየም ከምንጩ በታች ወስዶ አሳያቸው፤ ርቀቱንም በእርምጃ ቈጠረላቸው። እርሳቸውም አይተው ልጅቷን ትተዋት ሄዱ። አምስቱም ቀን ያለ ሕመም አለፈ።

ስለዚህ ወደ ፊት የምትጽፉልን መምህራን ከአባሎቻችሁ ቍጥር በፊት የመሪዎቻችሁን ቍጥርና የሠለጠኑበትን ሁኔታ እንድትገልጹልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጽሑፍ መላካችንን አንተውም፤ ከጽሑፉ ጋር ግን ከእንግዲህ ቦታውን የሚያይና ከእናንተ ጋር ዶማ የሚይዝ ሰው አብረን እንልካለን።