ጎመን በጤና... አፈሩስ?

ከሥራ ወይም ከክላስ ወጥታችሁ በርገር ስታዝዙ፣ ከሥጋውና ከዳቦው መሀል ብቅ የምትለዋን አረንጓዴ ቅጠል ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ሰላጣ ናት። የት በቀለች? ምን ጠጥታ አደገች? ብሎ አስተናጋጁን የሚያፋጥጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር እንጨዋወታለን። ዛሬም ከዚያው አልወጣንም፤ ትዳሩን የናጠችው ግን ሌላ ሴት ሳትሆን ይህቺው ቅጠል ናት።

ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸው ይቅር። እሱ 27፣ እሷ 24 ዓመታቸው ነው፤ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። የሚኖሩት ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ አጠገብ፣ በባልየው እናት ግቢ ውስጥ ነው። ከቤቱ ጀርባ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለች። እሱ ጓሮዋን ከጥግ እስከ ጥግ ሰላጣና ቆስጣ ሞልቶባታል። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፣ የሚረከበው ምግብ ቤትም አለ፣ ብሩ እጅ በእጅ ነው። እሷ ደግሞ «እኛ የምንበላውን እንትከል፤ በሰላጣ ሆድ አይሞላም» ባይ ናት። እስከዚህ ድረስ የማንኛውም ባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። ጉዱ የመጣው እሷ «ይሄ አፈር ጤና አይደለም» የሚል ወሬ ሰምታ ለልጇ ቆስጣ መስጠት ያቆመች ቀን ነው።

«ለልጅሽ የማትሰጪውን ነው እኔ ለሰው የምሸጠው?» አላት።

«እኔ አላልኩም፣ አንተው አልክ» አለችው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም። ሁለቱንም ለየብቻ አነጋግሬያቸዋለሁ። እሱን ስሰማው እሱ ልክ ይመስለኛል፣ እሷን ስሰማት እሷ።

መቼም ቆሼን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ እዚያ ሲራገፍ ኖሮ 36 ሄክታር ያህል መሬት የሸፈነ ተራራ ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቅዳሜ ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀጥፍ አገር አልቅሷል። ከዚያ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም፣ ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች ግን ውሃችንና ከብታችን ተጎዳ ብለው ተነሱ፤ በወራት ውስጥ ተመልሶ ቆሼ መጣ።

ክምሩ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የባትሪ ድንጋይ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የተሰባበረ ቴሌቪዥን... ከነዚህ ውስጥ ካድሚየምና እርሳስ የሚባሉ ብረቶች ይወጣሉ (የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም፣ ብረቱን ነው የምላችሁ)። አይሸቱም፣ አይታዩም፣ እንደ ልጣጭ በስብሰው አይጠፉም። ካድሚየም ሰው ኩላሊት ውስጥ ከገባ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። እርሳስ የሕጻናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ እናትየው ለልጇ ብትሰጋ አይፈረድባትም። ያቺ ጓሮ ምን ያህል እንደያዘች ግን አፈሯ ላቦራቶሪ ካልገባ በዓይንም በአፍንጫም አይታወቅም።

ነገሩ የቆሼ ሰፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውሃ የሚለማው አትክልት ለዓመታት ሲጠና ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፍስሃ ኢታና ጥናት በአዲስ አበባ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ላይ ነበር ያተኮረው። ጥናቱ ብረት በማከማቸት ጥቅል ጎመንን ከሁሉም ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ልብ በሉ፣ አንድ ከተማ ውስጥ በቅለው እንኳ አንዱ አትክልት ከሌላው ይለያል። የዛሬው ጨዋታችን ሁሉ እዚህች ላይ ነው የቆመው።

«በአቼቶ ይታጠባል እኮ!» ይላል ባል። አዎ፣ አቼቶ አቧራውንና የተወሰነውን ጀርም ያነሳል። አሜባን ለሚፈራ ሰው ጥሩ ነው። ተክሉ በሥሩ ጠጥቶ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ብረት ግን አቼቶ አያወጣውም፣ መቀቀልም አያጠፋውም። ተክል ውሃውን ከሥሩ ይስብና በቅጠሉ ያተነዋል። ውሃው ሲሄድ ይዞት የመጣው ነገር እዚያው ይቀራል፤ ጀበና ሥር አተላ እንደሚቀረው ማለት ነው። ለዚህ ነው ቅጠል የሚበላለት አትክልት ለእንዲህ ያለ አፈር የመጨረሻው ምርጫ የሚሆነው። ወደ ፍሬውና ወደ ዘሩ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በጣም ያነሰ ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች መሀል ላይ ናቸው፤ አፈሩ ውስጥ ስለሚያድጉ በደንብ ታጥበው መላጥ አለባቸው።

ጎመንስ? የኛው የአበሻ ጎመን እዚህ ላይ ጉደኛ ነው። ከተበከለ አፈር ውስጥ ብረት መጥጦ እንዲያወጣ በውጭ አገር ተመራማሪዎች ሞክረውታል፤ ይህን ያህል መጣጭ ነው። ክረምቱ ጎተራውን ሲያራቁተው እናቶቻችንን ያሻገረው ጎመን ነው። መስከረም ሲጠባም ጎመንን ሸኝተን ገንፎን እንቀበላለን። «ጎመን በጤና» ያለውም አበሻ ነው። ያኔ ግን ጎመኑ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አልተጎራበተም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጓሮውን ሲሚንቶ ማልበስ? የለም! በዚህ ኑሮ 20 ካሬ ሜትር መሬት ቀልድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በሌማት ትሩፋት ስም በየጓሮው አልሙ እየተባለ ነው፤ ደግም ነገር ነው። ብቻ ምን እንትከል የሚለው ጥያቄ ከምን ያህል እንትከል መቅደም ነበረበት።

ለእነዚህ ባልና ሚስት ያልኳቸው ይህን ነው። ከሁሉ በፊት ከክምሩ ሥር የሚዛቀውን ያን ጥቁር አፈር «ለም ነው» ብሎ ጓሮ ማስገባት ይቁም። የሚያታልለው ጥቁረቱ ነው። ከዚያ መሬቱን ለፍሬ መልቀቅ። ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ በቆሎ ይዘራል፤ በቆሎው ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ከሥሩ አደንጓሬ ይተከልለትና አገዳው ላይ ይጠመጠማል፣ ችካል መግዛት ቀረ። ሰኔ ላይ በአንዱ ጥግ ባቄላ። ዱባ በአጥሩ በኩል፤ ሐረጉ ወደ ላይ ከወጣ ቦታ አይሻማም። ዱባ ስል ባል ፊቱን አጨማደደ። የበሰለ ዱባ ግን ደረቅ ቦታ ላይ ለወራት ይቀመጣል፣ ፍሪጅ አይጠይቅም፣ እኩሌታው ለእሁድ ወጥ ይሆናል። ቲማቲም ክረምት ላይ በሽታው ስለሚጨርሰው ዝናቡ ሲያባራ ይተከል። ቃሪያ በብርዱ የተነሳ እዚህ ይዘገያል፤ ካፈራ ግን ገበያ አያጣም። በቆሎው ሲነሳ እሱ በነበረበት ባቄላ፣ ባቄላው በነበረበት በቆሎ፤ ባቄላ አፈሩን ያዳብርላቸዋል። የተጣራ የእንጨት አመድ በትንሹ መነስነስም ካድሚየም በቀላሉ ወደ ተክሉ እንዳይገባ ያግዛል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ያለበት አመድ ግን ይቅር።

«ሰላጣዬስ? ብሬስ?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ወተትና የቤት ኪራይ በእሸት በቆሎ አይከፈልም። ቅጠሉን የግድ ካለ ከመሬት ያንሳው! ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈርና ፍግ ይሞላል፣ ሥሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ፕላስቲክ ላይ ይቆማል፣ የሚጠጣውም የቧንቧ ውሃ ይሆናል። ውሃው በፈረቃ ነው፣ አውቃለሁ። በመጣበት ቀን ጀሪካን መሙላት እንጂ ወደ ወንዝ መውረድ አይሆንም። ስምንት ጆንያ ለሁለት ሰላጣና ለአንድ ቤት ቆስጣ መነሻ ይሆናል። የገቢው ነገር መቀነሱ አይቀርም፤ ይህን ደብቄ አልነገርኩትም። ሲሸጥ ግን «የጆንያ ሰላጣ ነው፣ ቧንቧ የጠጣ» ብሎ ለመናገር አፉ አይያዝም።

ሚስቱ ወዲያው ተስማማች፤ እሷ ፊትም የምትለው ይኸንኑ ነበር። እሱ በቆሎውንና አደንጓሬውን ተቀብሏል፣ ጆንያ ላይ ግን ስምንት ሳይሆን አሥራ ሁለት ካልሆነ እያለ ሲከራከር ትቼው መጣሁ። የአፈሩን ምርመራ ደግሞ የወረዳውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ሊጠይቁ ተነጋግረዋል።

የቀረው የአማትየው ዶሮዎች ናቸው። ዶሮ አፈር እየጫረ የሚውል ፍጡር ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለውም ወደ እንቁላሉ ይገባል። ስለዚህ በረት ተሠርቶላቸው ተለቅሞ የተሰጣቸውን መብላት አለባቸው። እማማ ግን ዶሮዎቻቸው ሲታሰሩ አይወዱም። ባል «አንቺ ንገሪያት» ይላል፣ ሚስት «እናትህ ናት፣ አንተ ንገራት» ትላለች። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ የነገራቸው የለም።