ቆብና አሸንድዬ፦ የሴትነት መልክ በስንክሳርና በላስታ ልማድ

ነሐሴ 15 ቀን በስንክሳር ከሚታሰቡት ቅዱሳን አንዷ እንባ መሪና ናት። በማግስቱ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ በላሊበላና በላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ሣር በወገባቸው አስረው፣ ሹሩባ ተሠርተውና ዓይናቸውን ተኩለው ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። መሪና የሴትን መልክ ጥላ በወንድ ልብስ የኖረች ናት፤ ልጃገረዶቹ ግን ያንኑ መልክ በዓመት አንድ ጊዜ በሙሉ ድምቀቱ ያሳያሉ። የሁለቱ በዓላት መቀራረብ የቀን አቆጣጠር አጋጣሚ ነው። ሆኖም ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ በጽሑፋችን ውስጥ አንድን ሰው "ሴት" የሚያሰኘው ገላው ነው፣ ልብሱ፣ ጠጉሩ ወይስ ግሱ?

የመሪና ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። እናቷ ስትሞት አባቷ ሊመንኩስ ይነሣል። እርሷም አልለይህም ብላ ጠጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ "መሪኖስ" ተብላ አብራው ገዳም ትገባለች። ከጊዜ በኋላ ከሌሎች መነኮሳት ጋር ለገዳሙ ሥራ ወጥታ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ታድራለች። የባለቤቱ ልጅ ከሌላ ሰው ፀንሳ ኖሮ "ያስረገዘኝ መነኩሴው መሪኖስ ነው" ትላለች። መሪና አልካደችም። ከገዳሙ ተባርራ የሌላ ሰው ልጅ በደጅ አሳደገች፤ ሴትነቷ የታወቀው ስትሞት፣ አስከሬኗ ሲገነዝ ነው። ጥር 21 ቀን የምትታሰበው የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያም እንዲሁ በአስቄጥስ ገዳም በወንድ ልብስ መንኩሳለች። ጢም ስለሌላት መነኮሳቱ ጃንደረባ ትመስላቸው ነበር። የታመመች እህቷ ለፈውስ ወደ እርሷ በተላከች ጊዜ አቅፋ ስማት አብራት ስላደረች፣ ንጉሡ መነኩሴውን ተጠራጥሮ ያስጠራዋል፤ ምስጢሯን ለአባቷ የገለጠችውም ያን ጊዜ ነው። በሁለቱም ታሪኮች መከራው የሚመጣው ወንድ መስሎ ከመታየት ነው። ወንድ የመሰለ ሰው በወንድ ኃጢአት ይከሰሳል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ አለ። ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድን፣ ወንድም የሴትን ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክላል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤ ደግሞ በምናኔ ሰበብ የወንድ ልብስ የምትለብስን ሴት ለይቶ አውግዟል። ሕጉ የሚያወግዘውን ተረኩ ያከብረዋል ማለት ነው። ስንክሳሩ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ እነዚህ ታሪኮች አብረው መጥተው በቅዳሴው ዓመት ውስጥ ቀን ተሰጥቷቸዋል። በእኔ አመለካከት ተረኩ የሴትን ልብስ ከዓለም ጌጥ ጋር አንድ አድርጎ ስለሚያይ መጣሉን እንደ መንፈሳዊ ዕድገት ይቆጥረዋል። ይህ አመለካከት ለሴቶች ያደላ ነው ለማለት ያስቸግራል። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወስድ ነውና፤ የሴት ልብስ ለብሶ በዚያ ምክንያት የተመሰገነ ወንድ በዚህ የተረክ ዓይነት ውስጥ ቦታ የለውም። የዕለት ንግግራችንም ከዚህ አይርቅም። "ወንዳወንድ" ስድብም ሙገሳም ሊሆን ይችላል፤ "ሴታሴት" ግን ስድብ ብቻ ነው።

ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ሰዋስዋዊ ፆታ ነው። የግዕዝ ግስ ወንድና ሴት ይለያል፣ የአክብሮት ቅርጽም የለውም። ስለዚህ ተራኪው በየግሱ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ምስጢሩን ለአንባቢ ቀድሞ ስለሚነግር፣ የገጸ ባሕርያቱ "እርሱ" እና የአንባቢው "እርሷ" ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የተረኩ ውጥረትም ከዚህ ይወለዳል። አማርኛ ግን መሸሸጊያ አለው። "እርሳቸው መጡ" ሲባል፣ "አንቱ" ወይም "እርስዎ" ሲባል፣ ፆታ አይታወቅም። አንድ ተርጓሚ የመነኮሳቱን ንግግር በአንቱታ ቢመልሰው ትሕትናውን ያተርፋል፤ የመነኮሳቱን ስሕተት ግን ይሰርዘዋል። በዚህ ቦታ "አንተ" ማለት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለጆሮ ቢሻክርም። በሌላ በኩል አማርኛ ፆታን ለስሜት ያገላብጣል፤ ወንድ ልጇን "አንቺ" ብላ የምታቆላምጥ እናት፣ ሴቷን "አንተ" ብሎ የሚጠራ ወዳጅ ብርቅ አይደሉም። በዛር ልማድ ደግሞ ወንድ ዛር የሰፈረባት ሴት "ፈረስ" ትባላለች፤ በአፏ ለሚናገረው ዛር ታዳሚው በወንድ ግስ ይመልስለታል። ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ያየውን ይህን ሥርዓት በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከተውኔት ጋር አነጻጽሮታል።

ጠጉርም ቢሆን የጸና ምልክት አይደለም። ዛሬ የአሸንድዬ ልጃገረድ መለያ የሚመስለን ሹሩባ የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ጌጥ ነበር፤ በዘመኑ የተሣሉ ሥዕሎችን ማየት ይበቃል። ማንም ሴታሴት አላላቸውም።

መሪናን በዛሬው የሥርዓተ ፆታ ጥናት ቃላት የሚተረጉሙ አሉ፤ ንባባቸው የሚጠቅም ቢሆንም ተረኩ ስለ ውስጣዊ ማንነቷ አንድም ቃል እንደማይናገር ልብ ይሏል፤ የሚናገረው ስለ ዝምታዋ ነው። "እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘንድ አይታወቅም" የሚለው አባባልም ከጽሑፉ ጋር አይሄድም። በየዓመቱ ነሐሴ 15 ሲነበብ ኖሯልና።

በላሊበላ፣ በቤተ ማርያም ቅጥር ደቡብ፣ ለሰማዕታት ደናግል መታሰቢያ የተፈለፈለች ቤተ ደናግል የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። በግቢው ተላጭተው ቆብ የደፉ አረጋውያን መነኮሳይያት ይቀመጣሉ። ከሩቅ ለሚያይ ከወንዶቹ መለየታቸው ያስቸግራል። ቀርቦ "አባ" ወይም "እማሆይ" ማለት ግን ግድ ነው።